ውስጡ የቀረ ግፊት

ጥቅምት 6 ቀን

እታለም፣

እንዴት ናችሁ? አንቺስ? አባባስ? አሁንም ሬዲዮናቸውን ትራሳቸው ሥር ሸጉጠው ነው የሚተኙት? እኔ ደህና ነኝ፤ ምንም አልሆንኩም። ጽሕፈቴ ተንጋዶ ብታዪው አትደንግጪ። የምጽፍበት ጠረጴዛ አንዱ እግሩ አጭር ነው። ካርቶን አጥፌ ሥሩ ባስገባለትም አሻፈረኝ ብሎ ያንገዳግደኛል።

መልሱ ስለዘገየ ይቅርታ። ይኼ የድንጋይ ካባ ካምፕ ስልክ የማይደርስበት ጉድጓድ እንደሆነ ታውቂያለሽ። ቀለብ የሚያመጣልን ሹፌር ካልመጣ ደብዳቤም የለም፤ እሱ ደግሞ መንገዱ ተቆርጦበት ከረመ።

ስለ ግቢ ማጠቢያው ማሽን ስለጠየቅሽኝ ደስ አለኝ። እውነቴን ነው። በዚያ ቤት ውስጥ ሰው እኔን ምክር ሲጠይቅ ይኼ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ዕድሜዬን የድንጋይ መጫኛ መኪና በግፊት ውሃ ሳጥብ ነው የኖርኩት፣ በዚህ በዚህ እንኳ አላሳፍርሽም።

እንግዲህ ስሚኝ። ሱቅ ስትገቢ ሻጩ መጀመሪያ የሚያሳይሽ ባር የሚሉትን ቁጥር ነው። የግፊቱ ልክ ማለት ነው። ትልቅ ቁጥር እያሳየ ሊያፈዝሽ ይሞክራል፤ እንዳትሰሚው። ለአንድ ግቢ ንጣፍ መቶ ሠላሳ ባር ይተርፋል። ከመቶ ሃምሳ በላይ ከሆነ ቆሻሻውን ትቶ ሲሚንቶውን መላጥ ይጀምራል፤ በንጣፉ መጋጠሚያ ገብቶ አሸዋውን ቦርቡሮ ያወጣብሻል። ይልቅ በደቂቃ ስንት ሊትር ያወጣል ብለሽ ጠይቂው። ቆሻሻውን የሚያላቅቀው ግፊቱ ቢሆንም ጠርጎ የሚወስደው ውሃው ነው። የእኛ ቧንቧ ደግሞ ያለቅሳል እንጂ አይፈስም፤ ስለዚህ ከበርሜል ስቦ መሥራት የሚችል መሆኑን ሳታረጋግጪ እንዳትወጪ። የውሃው ጎማ ረጅም ይሁን። ማሽኑ የሚሽከረከር እግር ያለው ይሁን፣ እየጎተትሽ እንድትሠሪ እንጂ እየተሸከምሽ አይሆንም። የግቢውን ሶኬት ደግሞ ቀድመሽ ለኤሌክትሪክ ሠራተኛ አሳዪ። የመሬት ሽቦ በሌለው ሶኬት ውሃና ኤሌክትሪክ አገናኝተሽ እንዳታስለቅሺን።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። አንቺ እኮ ማሽን የሚባል ነገር ጠላትሽ ነበር። ልብስ ማጠቢያ ላምጣልሽ ስልሽ «እጄ ምን ሆነ?» ብለሽ የጮኽሽብኝ ሰው ነሽ። ያንን ግቢ በየዓመቱ ተንበርክከሽ በብሩሽ ስትፈትጊው እኔ አጠገብሽ ቆሜ ሳፏጭ ነው ያደግኩት። አሁን ምን ተገኘና ነው? ለምን እንደ ድሮሽ አትፈትጊውም?

ስለ መምጣቴ የጠየቅሽኝን አይቼዋለሁ። ምን ብዬ ልጻፍልሽ። አለቃችን ፈቃድ የሚለውን ቃል ሲሰማ ጆሮው ይደፈናል። ሥራውም በዝቷል። እንዳትቀየሚኝ።

አባባን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ።

ወንድምሽ


ጥቅምት 25 ቀን

ድንቡሼ፣

አሁን ምን እንደመሰልክ ባላውቅም ለእኔ ያው ጉንጭህ የሚቆነጠጠው ድንቡሼ ነህ። ደብዳቤህ እንደደረሰ አባባ «ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ» ብለው ወንበራቸውን ሳቡ። ስለ ባርና ስለ ሊትር የጻፍከውን እንደ ዜና አንገታቸውን እየነቀነቁ ሰሙና መጨረሻ ላይ «ልጁ መሐንዲስ ሆነ እንዴ?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። ምን ልበላቸው።

ማሽኑን ገዛሁ። ሱቁ ውስጥ ሁለት አቆሙልኝ። አንዱ ቀይ፣ ግዙፍ፣ ገና ሲያዩት የሚያስፈራ። ሌላው ቢጫ፣ ከጀሪካን ብዙም የማይበልጥ። ሻጩ ቀዩን እየደባበሰ «ማሽን ማለት ይኼ ነው» አለኝ። በደቂቃ ስንት ሊትር ያወጣል? ስለው ቀና ብሎ አየኝ። ከበርሜል ይስባል? አልኩት። «እህቴ፣ ከባለቤትሽ ጋር ብትመጪ አይሻልም?» አለኝ። ባለቤቴን የወሰደችውን ሴት አድራሻ ልስጥህና አንተው አምጣው አልኩት። ከዚያ በኋላ ካርቶን ከፈተልኝ። ቢጫውን ይዤ መጣሁ። ያልከውን ሁሉ አለው። እግርም አለው፤ ግን በሩ ላይ ያለውን ደረጃ አይወጣም፣ እዚያ ላይ ታቅፌው ገባሁ። አትቆጣኝ።

አባባ ደህና ናቸው። ወድቀው ነበር፣ ግን ደህና ናቸው። ከዝናቡ በኋላ ግቢው እንዴት እንደሚሆን ታውቀዋለህ። እሳቸው «የድንጋይ ሽበት» የሚሉት ያ አረንጓዴ ነገር ንጣፉን ሁሉ ወረሰው። ሲደርቅ ይጠቁራል፣ ሲረጥብ ደግሞ ሳሙና ነው። ከክፍላቸው እስከ ሽንት ቤት የሚመላለሱባት መስመር ብቻ በእግራቸው ተፍቃ ነጣ ብላለች። ዓይናቸው አሁን ከብርሃንና ከጥላ በቀር ብዙም አይለይም፤ ያቺን ነጭ መስመር እያዩ ነው የሚሄዱት። ሌላው ሰው ሲያያቸው ዓይናማ ናቸው ይላል። ያን ቀን ጎረቤት ጠርቷቸው ከመስመሯ ሲወጡ አዳለጣቸው። ጎናቸው ጠቁሮ ነበር፣ አሁን ቢጫ ሆኗል። እና ይኼን ግቢ ከላይ እስከ ታች ሳላጥበው እንቅልፍ አይወስደኝም።

እኔ ደህና ነኝ። ራሴን ያመኛል፣ ፀሐዩ ነው መሰለኝ።

ለምን በብሩሽ አትፈትጊውም ላልከው፣ ና እና አንተ ፈትገው። ብሩሹ ከበሩ ጀርባ ያው ቦታው ላይ ነው። ስታፏጭ እኔ ልይህ እስቲ።

የምትመጣበትን ቀን አልጻፍክልኝም። ስለ አለቃህ ጆሮ አልጠየቅኩህም፤ ቀኑን ነው የጠየቅኩህ።

ሹፌሩ ጥሩምባውን እየነፋ ነው፣ ልጨርስ። ለካ ዋናውን ረስቼዋለሁ፦ ግፊቱ መቶ ሰማንያ ሆኖ ተገኘ። በዚህ ከቀጠለ አደጋ አለው፣ ቶሎ ዝቅ ማለት አለበት ብለውኛል። እኔ እንጃ። ምን ትለኛለህ?

እህትህ


ኅዳር 12 ቀን

እታለም፣

መቶ ሰማንያ! ምን ብዬሽ ነበር? ከመቶ ሃምሳ በላይ አትንኪ ብዬሽ አልነበረም? ከላይ «ያልከውን ሁሉ አለው» ብለሽ ጽፈሽ ታች ስደርስ መቶ ሰማንያ! ያ ሻጭ ስለ ባለቤትሽ በነገርሽው ተናዶ ካርቶኑን ቀይሮብሻል፤ ሌላ ምንም አይደለም።

ዋስትናው ካላለፈ ዛሬውኑ መልሺላቸው። «ይኼ ለእኔ አይሆነኝም፣ ቀይሩልኝ» በያቸው። አንቀይርም ካሉሽም አትጨቃጨቂ፣ መላ አለው። ውሃ የሚረጨው ሽጉጥ ጫፍ ላይ ያለውን አፍንጫ አውልቀሽ ውሃውን እንደ ማራገቢያ የሚዘረጋውን አድርጊለት። እንደ መርፌ ቀጥ አድርጎ የሚተፋውን አርቀሽ ሳጥኑ ውስጥ አስቀምጪው፤ እሱ ለግቢ አይሆንም። ከንጣፉ ክንድ ያህል ርቀሽ ጀምሪና ቀስ እያልሽ ቅረቢ። መጀመሪያ የማይታይ ጥግ ላይ ሞክሪው። መቶ ሰማንያም ቢሆን በዘዴ ከያዝሽው ምንም አያደርግሽም፣ አትፍሪ።

ዋናው ነገር አሳርፊው። ይኼ የቤት ማሽን ነው፤ እንደ ካምፑ ማሽን ከጧት እስከ ማታ አይሠራም። ጥቂት ሠርተሽ አጥፊና ሞተሩን በእጅሽ ዳስሺው። ከጋለ በቃው ማለት ነው። ሰዎች «ምን ሆነ፣ እየሠራልኝ አይደል እንዴ?» ብለው ይነዱታል። ሳያርፍ የሚሠራ ሞተር አስጠንቅቆ አይቃጠልም። አንድ ቀን ድም ይላል፣ በቃ።

ስትጨርሺ ደግሞ አጠፋሁት ብለሽ ጎማውን እንዳትፈቺ። ቢጠፋም ውስጡ የቀረ ግፊት አለ። መጀመሪያ ማጥፊያውን አጥፊ፣ ውሃውን ዝጊ፣ ከዚያ ሽጉጡን ወደ መሬት አዙረሽ እስኪያልቅለት ድረስ ቃታውን ተጫኚ። ትፍ ትፍ ይልና ዝም ይላል። ያን ጊዜ ነው ልትነኪው የምትችዪው።

አፍንጫው ቢደፈንብሽ በጣትሽ እንዳትጠርጊው፣ እታለም። ለቀልድም ቢሆን እጅሽን ፊቱ እንዳታደርጊ። መርፌ የወጋሽን ያህል እንኳ አያምም፤ ሰው የሚታለለውም ለዚህ ነው። ምንም አልሆንኩም ብሎ ሥራውን ይቀጥላል። በእማዬ ይሁንብሽ፣ ይኼን አንድ ነገር ብቻ ስሚኝ።

አባባ ወድቀው «ግን ደህና ናቸው» ብለሻል። ያቺ «ግን» አላስተኛችኝም። መቼ ነው የወደቁት? ሐኪም አያቸው? ለምን ወዲያው አልጻፍሽልኝም?

ቀኑን አሁንም አልቆርጥልሽም። እባክሽ አትጠይቂኝ።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 2 ቀን

ድንቡሼ፣

ስለ ግፊቱ የጻፍከውን ወረቀት ይዤ ጤና ጣቢያ ሄድኩና ለነርሷ አነበብኩላት። «ለእኔ አይሆነኝም፣ ቀይሩልኝ በያቸው» የሚለው ላይ ስደርስ ሆዷን ይዛ ወንበሩ ላይ ተዘረረች። ወረፋ የያዙት ሰዎች ሁሉ ምን ተገኘ ብለው በበሩ አንገታቸውን አስገቡ። እኔም ሳቅኩ። ከሳቅኩ ስንት ጊዜዬ ነው! ከዚያ ሳላስበው ሳቁ ወደ ልቅሶ ዞረብኝና እዚያው ፊታቸው ላይ ተነፋረቅኩ።

የማሽኑ አይደለም፣ ወንድሜ። የእኔ ነው። የደም ግፊቴ ነው መቶ ሰማንያ የሆነው።

ቢጫው ማሽን መቶ ሠላሳ ነው፣ አንተ ያልከው ልክ። ሻጩን በከንቱ አታማው።

እማዬን የወሰዳት ነገር እኔንም ያዘኝ። ለምን በብሩሽ አትፈትጊውም ብለህ አይደል የጠየቅከኝ? ስፈትግ ነው የወደቅኩት። ተንበርክኬ ሠርቼ ቀና ስል ሰማዩና ግቢው ቦታ ተለዋወጡ። ስነቃ ባልዲው ደረቴ ላይ ተደፍቷል፣ አባባ ከክፍላቸው «ማነው ውሃ የሚያፈሰው?» እያሉ ይጣራሉ። እኔ ነኝ አልኳቸው። እንግዲህ ማሽን የገዛሁት ዘመናዊ ስለሆንኩ አይደለም። ነርሷ ማጎንበስ፣ መሸከም፣ መናደድ አቁሚ ብላኛለች። መናደድ ያለችውን አንተ እርዳኝ።

ያኔ ገልጬ ያልጻፍኩት ብታውቅ ትጨነቃለህ ብዬ ነው፤ ደግሞም ትገምታለህ ብዬ ነበር። የሰጠኸኝን ምክር ግን ነርሷ ወደደችው። «ሳያርፍ የሚሠራ ሞተር አስጠንቅቆ አይቃጠልም» ያልከውን ሁለቴ አስነበበችኝና «ወንድምሽ ሐኪም ነው?» አለችኝ። መሐንዲስ ነው አልኳት።

ግቢውን አጠብኩት። እንዴት እንደሚያምር ልንገርህ? መጀመሪያ የማይታይ ጥግ ላይ ሞከርኩት እንዳልከኝ። ውሃው ያለፈበት ሁሉ ጥቁሩ ተገፎ ከሥሩ ያ እኛ ልጅ ሆነን የምናውቀው ነጭ ንጣፍ ብቅ ይላል። አቤት ደስ ሲል! ሳልንበረከክ፣ እንደ እመቤት ቀጥ ብዬ ቆሜ። እያሳረፍኩት ሠራሁ፣ እኔም አብሬው አረፍኩ። አንተ ኳስ እያነጠርክ የሰነጠቅካት ንጣፍ እንኳ ታየች። ከጥግ እስከ ጥግ አንድ ጥቁር ነጥብ አላስቀረሁም። ስጨርስ ቃታውን ተጭኜ የቀረውን አስተፋሁት። ትፍ ትፍ ብሎ ዝም አለ። እሰይ አልኩ።

ከዚያ አባባ በራቸውን ከፍተው ወጡ። አንድ እግራቸውን አወጡና ቆሙ። ወዲህ አዩ፣ ወዲያ አዩ። «ይኼ የማን ግቢ ነው?» አሉኝ። የእኛ ነው፣ አጥቤው ነው አልኳቸው። ግድግዳውን ይዘው እግራቸውን እየዘረጉ መሬቱን ዳበሱ። መስመራቸው የለችም፣ ድንቡሼ። ሁሉም ነጭ ሆነ። በስንት ዓመት እግራቸው ፍቀው ያወጧትን መንገድ በአንድ ቀን ከሌላው ጋር አንድ አደረግኩባቸው። እንዳይወድቁ ብዬ ነበር። አሁን አይወድቁም፣ ምክንያቱም አይወጡም። ሽንት ቤት በሄዱ ቁጥር እኔ ነኝ ክንዳቸውን ይዤ የማሻግራቸው፣ ቀንም ሌሊትም። ሙሉ ክብደታቸውን ጥለውብኝ ነው የሚሄዱት። በገመድ ልምራቸው ብዬ ከበር እስከ በር ወጠርኩላቸው፤ «እኔ ፍየል ነኝ?» ብለው ተቆጡ። ቀለም ቀብቼ መስመር ላሠምር አሰብኩ፤ ማጎንበስ ሆነብኝ። ጎረቤት ልለምን አልኩ፤ እሳቸው በሌላ ሰው ክንድ ከሚሄዱ አልጋቸው ላይ ቢቀሩ ይመርጣሉ።

ደክሞኛል። ይኼን ቃል ጽፌልህ አላውቅም፤ ዛሬ ጻፍኩት። ምክር አልጠይቅህም። የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው፦ ና። ለጥቂት ጊዜ አባባን ያዝልኝና እኔ ልተኛ። ሌላ ምንም አልፈልግም።

ጠረጴዛው እስካሁን አልተሠራም እንዴ? ጽሕፈትህ ባሰበት። የሁለተኛ ክፍል ደብተርህን ያየሁ ነው የመሰለኝ።

እህትህ


ታኅሣሥ 15 ቀን

እታለም፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። መልሱን ሦስቴ ጀምሬ ሦስቴ ቀደድኩት። ምን አባቴ ብዬ ልመልስልሽ። እኔ ስለ አፍንጫና ስለ ጎማ ስቀባጥር አንቺ እንዲያ ሆነሽ። አፈርኩ።

መድኃኒትሽን በሰዓቱ ዋጪ። ጨው ቀንሺ። የምታግዝሽ ሴት ፈልጊ፤ አባባ ይለምዷታል።

እኔ መምጣት አልችልም። ምክንያቱን አሁን አትጠይቂኝ። ብመጣም ብዙ የምረባሽ አይመስለኝም። ይቅርታ አድርጊልኝ።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 28 ቀን

ድንቡሼ፣

«የምረባሽ አይመስለኝም» አልከኝ። ማን ስለ መርባት ጠየቀህ? ሲጀመር መቼ ረብተህ ታውቃለህ? ስታፏጭ አይደለም እንዴ ያደግከው? ያም ሆኖ አጠገቤ ነበርክ።

ሹፌሩን ይዤ ጠየቅኩት። «ወንድሜ ምን ሆኗል?» ስለው ዓይኑን መሬት ላይ ተከለና «ደህና ነው፣ ሥራ ቀይረውለታል» አለኝ። ምን ሥራ? ስለው «ዕቃ ቤት» አለኝና ሞተሩን አስነሳ። አንተ ሥራ ቀይረህ ለእኔ ሳትነግረኝ? ምን ሆነህ ነው? ሰው ደብድበህ ነው? ሚስት አግብተህ ልጅ ወልደህ ነው? ምንም ቢሆን አንተን ከማጣት አይብስም።

ትናንት አባባን ሳሻግራቸው መሀል ግቢው ላይ ራሴን አዞረኝ። እሳቸው እኔን ይዘዋል። እኔ ማንን ልያዝ? ባዶ ሜዳ ላይ ሁለታችንም እየተወዛወዝን ቆምን። እሳቸው ነገሩ አልገባቸውም፤ «ደረስን እንዴ?» ይሉኛል። አዎ፣ ደረስን አልኳቸው። እስኪያልፍልኝ ዓይኔን ጨፍኜ ቆምኩና ወሰድኳቸው።

አባባ ማታ ማታ ያችን ደብዳቤህን አንብቢልኝ ይሉኛል፤ የመጀመሪያዋን፣ ስለ ሊትር ያለችውን። አነብላቸዋለሁ። እኔ ግን ምክር ጠገብኩ። ካልመጣህ ሌላ ደብዳቤ አትጻፍልኝ። የምሬን ነው።

እህትህ


ዛሬ

እታለም፣

አትጻፍልኝ ብለሽ ነበር። የጻፍኩልሽ እየመጣሁ ስለሆነ ነው። ይኼን ወረቀት የሚሰጥሽ ሹፌሩ ነው። እንዳትቆጪው፤ እንዳይናገር አስምዬው ነው፣ ስንት ጊዜ «ለእህትህ ንገራት» እያለ ሲጨቀጭቀኝ የኖረ ሰው ነው። ወንበር ካለ ቁጭ ብለሽ አንብቢው። እሱም እስክትጨርሺ ይጠብቃል።

ጠረጴዛው ምንም አልሆነም። አራቱም እግሩ ልክ ነው። የምጽፍልሽ በግራ እጄ ነው።

አንቺ ስለ ማሽን ከመጠየቅሽ አስቀድሞ፣ ከክረምቱ በፊት ነው የሆነው። የካምፑ ማሽን ከቤቱ ጋር አይወዳደርም፣ ግፊቱ እጥፍ ድርብ ነው። አፍንጫው ተደፍኖብኝ፣ ቸኩዬ፣ ማሽኑን ሳላጠፋ በጣቴ ጠረግኩት። መርፌ የወጋኝ ያህል እንኳ አላመመኝም። ጠብ ያለ ደም የለም። ስቄ መኪናዬን አጥቤ ጨረስኩ። በማግስቱ እጄ እንደ ዳቦ ነፋ። ውሃውና ግሪሱ ውስጥ ለውስጥ ገብቶ ነበር ለካ። ሐኪሞቹ ደጋግመው ቀደዱት፤ መጨረሻ ላይ ሁለት ጣት ቆርጠው ጣሉ፣ የቀሩት አይታጠፉም። ቀኝ እጄ ነው። ካምፑ አላባረረኝም፤ ዕቃ ቤት አስቀምጠውኝ መፍቻ እየቆጠርኩ አወጣለሁ፣ አስገባለሁ። ስለ ማሽን ስትጠይቂኝ የተደሰትኩት ለዚህ ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ ማሽን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

ያልመጣሁት በአለቃው ጆሮ አይደለም። አባባን ብቻሽን ተሸክመሽ፣ ደግሞ ሌላ ሽባ በር ላይ ሲቆምብሽ ታየኝ። ጭነት ልጨምርባት? አልኩ። ለመጎተቻ የማይሆን፣ ብሩሽ የማይዝ፣ ቀለም የማይቀባ ሰው ምን ያደርግላታል? አልኩ። «እሳቸው እኔን ይዘዋል፣ እኔ ማንን ልያዝ?» የሚለውን ሳነብ ግን ወንበር ላይ መቀመጥ አቃተኝ። ሌሊቱን ስንጎራደድ አደርኩ፤ ሲነጋ ዕቃ ቤቱን ቆልፌ ቁልፉን ለአለቃው ሰጠሁት። የፈቃድ ወረቀት አልጠየቅኩትም። እሱም ጆሮው አልተደፈነም፣ እጄን አየና «ሂድ» አለኝ።

ይኼን አስቀድሜ በወረቀት የነገርኩሽ ድንገት እጄን አይተሽ ግፊትሽ እንዳይወጣ ብዬ ነው። ነርሷ መደንገጥም የከለከለችሽ ይመስለኛል። እና አሁን አውቀሻል። እጅጌዬ ውስጥ አልደበቅኩትም፤ እንዳለ ታዪዋለሽ።

በሩ ውጪ ቆሜያለሁ። ሹፌሩ ወረቀቱን ሲሰጥሽ እኔ ከአጥሩ ሥር ነኝ፤ ድምፅሽን እሰማለሁ። «ደግሞ ምን አመጣህ?» እንደምትዪው አውቃለሁ። አባባም ሬዲዮናቸውን ሳይከፍቱ አይቀሩም፣ እሱም ይሰማኛል።

አንብበሽ ስትጨርሺ ዘለሽ አትነሺ፣ ራስሽ ይዞራል። ቀስ ብለሽ ተነሺ። ቀስ ብለሽ በሩን ክፈቺ። ከዚያ መጮህ ካሰኘሽ ጩኺብኝ፤ መሳደብ ካሰኘሽ ስደቢኝ። ለምን ዋሸኸኝ በይ፣ ጥፊም ካማረሽ ጉንጬ ያው ነው። ውስጥሽ የቀረው እስኪያልቅ ድረስ አታቁሚ። ትፍ ትፍ ይልና ዝም ይላል።

ከዚያ ገብተሽ ተኚ። አባባ ሽንት ቤት መሄድ ሲያምራቸው እኔን ይጥሩኝ። እጃቸውን ይዞ ግቢውን ለማሻገር አንድ እጅ ይበቃል፣ እታለም። እሱ አለኝ።

ድንቡሼ